ሌባውም ቁልፍ አለው

መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ያላት አንዲት የሐበሻ ቀሚስ ነጋዴ አንድ ቀን ጠዋት ሱቋን ልትከፍት ስትመጣ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ከዓዲ ሓቂ የመጡ ናቸው። ለልጃቸው መልስ ቀሚስ አዘው 4 ሺህ ብር ቀብድ ከፍለዋል፤ ቀሚሱ አልደረሰም፣ የሰጧቸው ስልክም አይነሳም። ነጋዴዋ ሴትየዋን አይታቸው አታውቅም። ስልካቸውን ሲያሳዩዋት ግን ክው አለች። ፎቶዎቹ የእሷ ናቸው፤ ቀሚሶቹን ለብሳ የተነሳችውም የአክስቷ ልጅ ናት። የድረ ገጹ አድራሻ ላይ ብቻ አንዲት ፊደል ተጨምራለች።

"ጓለይ፣ ቁልፍ አለው እኮ" አሉ እናትየዋ። "ልጄ ቁልፍ ካለው አትፍሪ ብላኛለች።"

ልጅቷ ያለችው ለዓመታት ሁሉም ሲባባለው የኖረውን ነው። ባንኩም፣ የኮምፒውተር አስተማሪውም "ከአድራሻው ጎን የቁልፍ ምልክት ካለ ችግር የለም" ይል ነበር። እውነትም የሐሰተኛው ገጽ ቁልፍ የእውነት ቁልፍ ነው፤ ማንም አልፈለሰፈውም።

ነገሩ ከፍርድ ቤት ዋስ ጋር ይመሳሰላል። ስልክዎ አንድ ገጽ ሲከፍት ገጹ የምስክር ወረቀት ያቀርባል። ስልኩ ደግሞ አስቀድሞ የሚያምናቸው ዋሶች ዝርዝር አለው። ወረቀቱን የፈረመው ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ ስሙ ከአድራሻው ጋር ከገጠመና ቀኑ ካላለፈ፣ በመካከል ያለ ሰው እንዳያነበው ንግግሩ በምስጢር ይካሄዳል። ዋሱ የሚመሰክረው ግን ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይህን ወረቀት በነጻ የሚያድለው ሌትስ ኢንክሪፕት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ አድራሻ በእጅህ ነው? ባለቤቱ የተሰጠውን ኮድ ገጹ ላይ አስቀምጦ ያሳያል፣ በደቂቃ ውስጥ ወረቀቱን ይቀበላል። ዋሱ "ቤቱ የእሱ ነው" አለ እንጂ "ሰውየው ጨዋ ነው" አላለም። ሌባም ቤት አለው።

ይህን ጉግል ራሱ አምኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባደረገው ጥናት የቁልፉን ትክክለኛ ትርጉም የተረዱት ከተጠያቂዎቹ 11 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ በ2023 ክሮም ላይ ቁልፉን አንስቶ ሌላ ምልክት ተካበት። የእናትየዋ ስልክ ያረጀ ነው፤ ቁልፉ እዚያ አሁንም አለ።

የሚገርመው፣ እውነተኛዋ ነጋዴ ራሷ በዚሁ ቁልፍ የተነሳ ሌባ ተብላ ታውቃለች። ድረ ገጿን በ2012 ዓ.ም. የሠራላት ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው ወንድሟ ነው። በርካሽ የተከራዩት ቦታ ወረቀቱን በራሱ ስለማያድስ፣ ወንድሟ በየሦስት ወሩ በእጁ ያድሰው ነበር፤ የነጻው ወረቀት ዕድሜ 90 ቀን ነውና። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ኢንተርኔቱ ጠፋ። ከሰኔ 2013 በኋላ ስልኩም ባንኩም ተዘጋ። አዲስ አበባ ቴሌብርን ግንቦት ላይ ተቀብላ ስትለማመድ መቐለ ጥሬ ብር እንኳ ብርቅ ነበር። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መስመሩ ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ ውጭ አገር ያለ ወዳጅ ኪራዩን እየከፈለ ያቆየላት ገጽ በቦታው ነበር። የከፈተው ሰው ሁሉ ግን ቀይ ማስጠንቀቂያ ያያል፤ እዚህ ያሉ ሰዎች መረጃህን ሊሰርቁ ይችላሉ የሚል። አንድ የድሮ ደንበኛ ደውሎ "ምን ሆነሽ ነው? ስልኬ ሌባ ናት ይላል" አላት። የሰረቀችው ነገር የለም፤ ወረቀቷ ጨለማ ውስጥ ቀኑ አልፎበት ነው። ወንድሟ በአሥር ደቂቃ አስተካከለው። (ዋሶቹና የመክፈቻ ፕሮግራም አምራቾቹ እ.ኤ.አ. በ2025 በወሰኑት መሠረት የማንኛውም ወረቀት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2029 ከ47 ቀን አይበልጥም። ማሽን ያድሰዋል ይባላል፤ መስመሩ ካለ ማለት ነው።)

እንግዲህ ያው ምልክት ሐቀኛዋን ከሶ ሌባውን አሳልፏል። ታዲያ ሰው በምን ይመን?

መልሱ እናትየዋ ስልክ ላይ ነበር። ብሩን ሲልኩ፣ ማረጋገጫውን ከመጫናቸው በፊት የተቀባዩ ስም ወጥቷል። የወንድ ስም ነው። "አይቼዋለሁ፤ ባሏ ይሆናል ብዬ አለፍኩት" አሉ። ያቺ አንዲት መስመር ከቁልፉ ይልቅ ብዙ ትናገራለች፤ ምክንያቱም ከኋላዋ መታወቂያ ታይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ፊርማ ተሰጥቶ የተከፈተ ሒሳብ አለ። ለሻጭም እንዲሁ ነው። ነጋዴዋ "ልኬያለሁ" ተብሎ የመጣላትን የደረሰኝ ፎቶ አምና ሁለት ቀሚስ አጥታለች። አሁን የራሷን ሒሳብ ሳታይ ዕቃ አታወጣም፤ ፎቶ ማንም ያቀናብረዋል።

ሕጉ የለም አይባልም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ከ2008 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። እናትየዋ ግን ጣቢያ ሲደርሱ ብሩ በተላከበት ቀን ወጥቷል። በየቦታው "በኦንላይን ግዙ" እያለ የሚቀሰቅስ ሁሉ "ቁልፉን እዩ" ብሎ ማስተማሩን ትቶ ስሙን አስነብቡ ቢል፣ ቢያንስ ይህቺ 4 ሺህ ብር አትሄድም ነበር።

ነጋዴዋ ቀሚሱን በቀሪው ሒሳብ ሰጠቻቸው። ወንድሟ ተናደደ፤ "ሌባ ለበላው አንቺ ትከፍያለሽ?" አላት። "እሳቸው ዕድር ላይ የሚያወሩት የሌባውን ስም አይደለም፣ የእኔን ነው" አለችው። ከዚያ ወዲህ ቴሌግራም ቻናሏ አናት ላይ የሒሳቧ ሙሉ ስም፣ የገጿ አድራሻና የሱቋ ቁጥር ተለጥፏል፤ ከሥሩ "ሌላ ስም ከወጣ አትላኩ" ይላል። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት ደውላ ብሩን ከመላኳ በፊት ስሟን እስከ አያቷ አስጠራቻት። ነጋዴዋ እየሳቀች ጠራች።