ፀደይ በመተማ

በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች የሚከፈል ሲሆን፣ ዛሬ መጋቢት 26 በጋው ወጥቶ ፀደይ ይገባል፤ ፀደይ የሚባለውም እስከ ሰኔ 25 የሚዘልቀው፣ ገበሬ ለክረምቱ ዘር መሬቱን የሚያሰናዳበት የሦስት ወር ጊዜ ነው። የአበባ ነገር ሲነሣ የሁሉም ሐሳብ ወደ መስከረምና ወደ አደይ ስለሚሮጥ፣ የዛሬዋ ቀን ያለ አንድ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ታልፋለች። ደገኛው ይህን ቢያደርግ አይፈረድበትም፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ700 ሜትር ብዙም በማትርቀው በመተማ ዮሐንስ፣ ወይም በቋራ ቆላ የሚኖር ሰው ግን በደጁ ያበበውን ትቶ የደጋውን አበባ ብቻ የሚያወድስበት ምክንያት ሊገኝ አይችልም። አደይ ራሷ ወደ መተማ ብትወርድ ረፋዱ ሳይደርስ ወደ ጎንደር የሚመለስ መኪና ማጠያየቋ አይቀርም።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ በመሆኑ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ምድሩ ክው ብሎ የሚደርቅባቸው፣ ሙቀቱም 40 ዲግሪ ሴልሺየስን ማለፉ ብርቅ የማይሆንባቸው ወራት ናቸው። በየግቢው ያሉ ዛፎች የሚያብቡት በዚሁ ንዳድ መካከል ነው። የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለውና መነሻው ማዳጋስካር የሆነው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ እሳት የመሰለ አበባ ያወጣል፤ ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ከአምስቱ የአበባ ቅጠሎች አራቱ ደማቅ ቀይ ሲሆኑ፣ አምስተኛው ከሌሎቹ ተለይቶ የቆመና ነጭና ቢጫ ጣል ጣል ያለበት ነው። ከደቡብ እስያ የመጣው ኒም ደግሞ ጥላውን ሳይነፍግ ያብባል፤ አበባው ከትንሽነቱ የተነሣ ለዓይን ባይሞላም፣ የማር ሽታው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አልጋውን ወደ ውጭ ያወጣውን ሰው ሁሉ ያገኘዋል።

ከኒሙ ሥር ጣባ፣ ማለትም ዝርግ የሸክላ ሳሕን፣ ውሃ ተሞልቶ ከተቀመጠ ወፉ ሳይጠራ ይመጣል። ወፍ ላብ ስለሌለው ሙቀቱን የሚያወጣው ምንቃሩን ከፍቶ በማለክለክ ነው፤ በዚህም ብዙ ውሃ ስለሚያጣ በቀትር አንድ ጣባ ውሃ ትልቅ ድግስ ይሆንለታል። አጠጣጡም እንደየዘሩ ይለያያል፤ ዋኖስ ምንቃሯን ነክራ አንገቷን ሳታቃና እስክትረካ ትምጋለች፤ ጎጆውን ከሣር እየጠለፈ የሚሠራው ቢጫ ወፍ ግን ይጎነጭና ቀና ብሎ ያወርዳል፣ እንደገናም ጎንበስ ይላል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ በጥቅምት ግሪሳን፣ ማለትም በመንጋ እየሰፈረ ማሽላ የሚጨርሰውን ትንሽ ወፍ፣ በወንጭፍ ሲያባርር የከረመ ልጅ በመጋቢት ለዚያው ወገን ውሃ ቀጂ ሆኖ ይገኛል። በማሳው ላይ የሚበላ ስለሌለ እርቁ እስከሚቀጥለው እሸት ድረስ ይጸናል።

መተማ በመጽሐፍ ስትጠቀስ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ምድር ናት፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወባ፣ ካላዛር፣ ሰሊጥና የድንበር ንግድ ናት። በዚህ ሁሉ መካከል አበባ ያላት አገር መሆኗን የሚጽፍ እምብዛም አልተገኘም፤ ከሁሉም የሚያስቆጨው የዕጣን ዛፍ ነገር ነው። ይህ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ ቅጠሉ በረገፈበት የበጋ ወራት ቀያይ አገዳ ላይ የተንዠረገገ ነጭና ሮዝ አበባ ያወጣል፤ ሆኖም ደረቁ ወቅት ዕጣን የሚሰበሰብበትም ስለሆነ ልጡ በስለት ይፋቃል፣ ቁስሉም ሊድን ሲል እንደገና ይከፈታል። አብዝቶ የተደማ ዛፍ ካልተነካው ያነሰ አበባ እንደሚያወጣና ዘሩም የመብቀል ኃይሉ እንደሚደክም ጥናቶች አሳይተዋል፤ የበቀለውንም ቡቃያ ሰደድ እሳትና ከብት ይጨርሱታል፣ የቀረውን ደን የሰሊጥ እርሻ ይገፋዋል። ይህን አበባ አይቶ የማያውቅ ደገኛ በየበዓሉ ጢሱን ያሸታል፤ በስልኩም የአደይ ሥዕል ይልካል! ቆላው የሚፈለገው ለሚወጣለት ነገር ብቻ ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም፤ ሰሊጡ ሲታጨድ የሚጎርፈው ሰው ብዛት፣ በግቢው አንድ ኒም ተክሎ ከሚቀመጠው ጋር ሲተያይ ማስረጃው እዚያው አለ።

እንግዲህ ፀደይ ገብቷልና ጥላ ያለው ሁሉ ጣባውን ያውጣ። ውሃው ግን በየማለዳው ይደፋ፤ ረግቶ ከሰነበተ ትንኝ ይራባበታል።