ለጌምም ለዘፈንም አንድ ሄድፎን

«ቲቸር፣ ለፐብጂም ለዘፈንም የሚሆን ሄድፎን ይምረጡልኝ፤ ሁለት የምገዛበት ብር የለኝም» ላላችሁኝ የድሮ ተማሪዎቼ፦ ባለገመዱን ግዙ።

ብሉቱዝ ድምፁን አጭቆ ልኮ እስኪፈታው ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል። ለዘፈን ምንም አይደል። ጌም ላይ ግን የጠላትን ኮቴ የምትሰሙት ከተመታችሁ በኋላ ነው! ደግሞ መብራት ሲጠፋ ባለገመዱ ቻርጅ አይለምናችሁም። ስልካችሁ የኤርፎን ቀዳዳ ከሌለው የታይፕ ሲ ማገናኛ ጨምሩበት።

«7.1» የሚለው ጽሑፍና የሚብለጨለጨው መብራት አያማልላችሁ። አብዛኞቹ ውስጥ ያለው ለየጆሮው አንድ አንድ ስፒከር ነው፤ የቀረው የሶፍትዌር ሥራ ነው። በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ ለመብራቱ የከፈላችሁት ከድምፁ ላይ የተቀነሰ ነው።

ቤዙ ጭንቅላት የሚያንቀጠቅጠውንም ተዉት። ማሲንቆውን ይውጠዋል፤ ኮቴውንም እንደዚያው። ደብረ ብርሃን ሱቅ ስትገቡ የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን ከፍታችሁ ስሙ፤ እያንዳንዱ ምት ከቤዙ ተለይቶ ከተሰማችሁ እሱን ያዙ። አላስሞክርም የሚል ባለሱቅ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ትራሱ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። ለአንኮበር ልጆች ይሄ ቅንጦት አይደለም፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ።