የሚጮኽ ዩፒኤስ አልሞተም

ዛሬም መብራት ሄደ፤ ሰርቨሩም አብሮ ተዘጋ። ዩፒኤሱ ግን ይጮኻል፣ ባትሪው ገና ከግማሽ በላይ አለው። ቢሮው በአንድ ድምፅ «ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ» አለ። የሞተ ባትሪ ምን አቅም ኖሮት ይጮኻል?

ሊነክስ ላይ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የምትጠቀሙ ሁሉ፣ እባካችሁ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የከርነሉን ሎግ ክፈቱ። እኛ ጋ «ዩኤስቢ ዲስኮኔክት» ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ ሥር ያው ዩፒኤስ እንደ አዲስ እንግዳ ይመዘገባል፦ ዲቫይስ ቁጥር 14፣ 15፣ 16 እያለ። መብራት እያለ ማንም አያየውም፤ ይቋረጣል፣ ይመለሳል። ጉዱ ባትሪ ላይ እያለ ሲቋረጥ ነው። ዩፒኤሱን የሚከታተለው አፕስሞን መጨረሻ የሰማው «ባትሪ ላይ ነው» የሚለውን ነው፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ከጠፋበት ክፉ ክፉውን ይገምትና ማሽኑን ይዘጋል። ዴድታይም የሚባለው ቅንብሩ ካልተነካ የሚታገሠው 15 ሰከንድ ነው። ደግ አደረገ! ዳታቤዝ ከሚበላሽ መዘጋት ይሻላል። ጥፋቱ የመስመሩ ነው።

መስመር ካልኩ አይቀር፣ የብዙ ዩፒኤስ ገመድ ከፕሪንተር ገመድ ጋር አንድ መሆኑ ስንቱን አጠፋ! ያ አራት ማዕዘን ጫፍ። ፕሪንተር እምቢ ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ ሰርቨር ክፍል። በፊት የሠራሁበት ቦታ የዩፒኤሱን ገመድ ሒሳብ ክፍል፣ ደመወዝ በሚያትመው ፕሪንተር ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ዩፒኤሱ ላይ የቀረው ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ፕላስተር የተጠቀለለበት፣ ኤክስቴንሽን የተቀጠለበት ነገር ነበር። ነካ ሲያደርጉት ይጠፋል፣ ሲተዉት ይመጣል። የሒሳብ ክፍሏ እህታችን «ወንድሜ፣ ማንም አይጠቀምበትም ብለን እኮ ነው» አለችኝ። ሌሊት መብራት ሲጠፋ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ገመድ ነው! አንዳንድ ቦታማ ከነካርቶኑ ይጣላል። ዘበኛ ቀጥሮ አፉን መለጎም ማለት እኮ ነው።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ገመዱ ተቀየረ፣ በመሃል የነበረው ዩኤስቢ ሃብ ቀርቶ ከሰርቨሩ ጀርባ በቀጥታ ተሰካ፤ አሁንም ይቋረጣል። ጥፋቱ የተገኘው ሌላ ቦታ ነው፦ አንድ ሰው ኃይል ይቆጥባል ብሎ ፓወርቶፕ ጭኖ፣ ሁሉን በራሱ እንዲያስተካክል ትቶታል። ፓወርቶፕም ዩፒኤሱን ሥራ እንደፈታ መሣሪያ ቆጥሮ ያስተኛዋል። የዩኤስቢው «ፓወር ኮንትሮል» ከ«ኦቶ» ወደ «ኦን» ተቀየረ፤ ማሽኑ ሲነሣ እንዳይረሳውም በዩዴቭ ሕግ ጸና። ሰርቨር ላይ፣ ያውም የዩፒኤስ መስመር ላይ ምን የሚቆጠብ አለ?

ስትጨርሱ ለሰው ተናግራችሁ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ንቀሉና በዓይናችሁ እዩት፤ «ኦኤል» (መብራት አለ) ይል የነበረው «ኦቢ» (ባትሪ ላይ ነው) ብሎ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት። የኛ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፈተናውን አልፏል።

ገመዱ ላይም «የዩፒኤስ ነው፣ አይነቀልም» ብዬ ለጥፌበታለሁ። የነካ ሰው ከኔ ጋር ነው የሚጣላው።