በጥሬ ዕቃው ዓምድ የነበሩት ሰው

ደብተሩን ያገኘሁት ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ስናርቅ ነው። የልባሱን ጠርዝ አይጥ በልቶታል፤ ውስጡ ግን ደህና ነው። በገጾቹ መሃል የአቡጀዲ ቁራጮች በስፒል ተይዘዋል፤ ስፒሎቹ ዝገው ወረቀቱ ላይ ቡናማ ነጥብ ትተዋል። ወደ መጨረሻው ግድም «የወጪ ስሌት» የሚል ርዕስ አለ፤ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ከሥሩ አራት ዓምድ፦ ጥሬ ዕቃ፣ የሰው ጉልበት፣ ልዩ ልዩ ወጪ፣ ትርፍ። በመጀመሪያው ዓምድ ሥር በዚያ የልጅነት ጽሕፈቴ እንዲህ ተደርድሯል፦ ክር፣ ዚፕ፣ ገበር፣ ቁልፍ፣ ሸማ።

ያ ሸማ የተሠራው በሰው እጅ ነበር። ሰውየውንም አውቃቸው ነበር።

ኮሌጅ የገባሁት በ1993 ዓ.ም. መስከረም ነው። የፋሽን ዲዛይንና የልብስ ሥራ ልማር ነው ስል ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። አባቴ «ስፌት ለመማር ኮሌጅ?» አለና ዝም አለ። እናቴ ደግሞ ለጎረቤት ስትናገር ስፌት የሚለውን ቃል አታነሳም፤ «ዲዛይን ነው የምትማረው» ትላለች፤ ዲዛይን የሚለውን ጫን አድርጋ። አሁን ሳስበው እናቴ አልተሳሳተችም። በእጁ የሚሠራን ሰው የሚያሳንስ ወግ ከእኛ በፊት ለዘመናት ኖሯል። አጤ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ስም መሳደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ ከወጣ ዘጠና ሦስት ዓመት በኋላም እናቴ ልጇን ከዚያ ስም ልትከልላት ትጣጣር ነበር።

ትምህርቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሠላሳ ተማሪ፣ አሥራ አራት መኪና። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ክር አልነካንም። በባዶ መርፌ ወረቀት ላይ ነው የምንሰፋው፦ ቀጥታ መስመር፣ ማዕዘን፣ ክብ፣ ጥምዝ። መርፌው መስመሩን ስቶ ከወጣ ወረቀቱ ይመሰክርብናል። ቤት የለመድኩት የእናቴን ባለ ፔዳል ሲንገር ነበር፤ እግር በረገጠ ቁጥር የሚሄድ፣ ሲደክም የሚቆም። የኮሌጁ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ገና እግሬን ሳሳርፍበት ይፈተለካል። አንድ ጊዜ ጣቴን ወግቶኝ ጥፍሬ ጠቁሮ ወር ሙሉ ቆይቷል።

ከዚያ ፓተርን መጣ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ ለክቶ ለአራት ማካፈል፣ ካርቶን ላይ መንደፍ፣ በአቡጀዲ ሰፍቶ ማኔኪን ላይ ማየት። ያንን ሰዓት ከሁሉ አብልጬ እወደው ነበር። ጠፍጣፋ ካርቶን ብብትና ትከሻ ሲያወጣ ማየት ዛሬም ያስደስተኛል። ሥዕሉ ግን ግር ይለኝ ነበር። የሰው ቁመት በራሱ ጭንቅላት ሲለካ ሰባት ተኩል ያህል ነው፤ የፋሽን ሥዕል ግን ዘጠኝ ጭንቅላት ይሁን ተባልን። እናቴን፣ እህቶቼን፣ ራሴን የማላገኝበት ቁመት። የምንሠራባቸው መጻሕፍት ሁሉ የውጭ ነበሩ፤ የጨርቁ ወርድ አንድ ሜትር ከሃምሳ እንደሆነ ታስቦ የተጻፉ። ከኮሌጁ ታክሲ ይዞ ግማሽ ሰዓት የማይርቀው የሸማኔዎቹ ሰፈር፣ ሽሮ ሜዳ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በትምህርታችን አልተነሳም።

የንግድ መምህራችንን አልረሳቸውም። ቅን ሰው ነበሩ፤ በእኛ ተስፋ ያደርጉ ነበር። ዘመኑ አጎዋ የሚባለው ቃል ከሁሉ አፍ የማይጠፋበት ነበር። አሜሪካ ከአፍሪካ የሚሄድ ልብስ ያለ ቀረጥ እንዲገባላት ሕጉን ያወጣችው በግንቦት 1992 ነው፤ እኛ ክፍል የገባነው ከአራት ወር በኋላ። «ልብስ ሰፊ አትሁኑ፣ ላኪ ሁኑ» ይሉን ነበር። የወጪ ስሌት ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። ዋጋ ሲወደድ መጀመሪያ የሚታየው የጥሬ ዕቃው ዓምድ ነው፤ እዚያ ላይ ድርድር ይቻላል፤ የሰው ጉልበት ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል አሉን። ጻፍኩት። ፈተና ላይም ወጣ፤ አገኘሁት።

ለመመረቂያ ሥራዬ የአገር ልብስ በአዲስ አቆራረጥ ልሠራ አሰብኩ። ሰፈራችን ጉለሌ ስለሆነ ሽሮ ሜዳ በእግሬ ወጣሁ። ሰው ጠቆመኝና ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ አንድ የጋሞ ሸማኔ ዘንድ ደረስኩ። ጋሼ ብዬ ነው የጠራኋቸው፤ እስከ ዛሬም ጋሼ ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ከክፍሉ እኩሌታው የሸማ መሥሪያው። ከመሥሪያው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ታች ልከው መርገጫውን ግራ ቀኝ ይረግጣሉ፤ በረገጡ ቁጥር ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያው ከቀኝ እጃቸው ተወርውሮ ግራው ላይ ያርፋል። ጥለቱ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ነገር ዝግ ይላል። እዚያ መወርወር የለም፤ ቀለም ቀለሙን ክር በጣታቸው እየቆጠሩ በድሩ መሃል ያስገባሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁ። በዚያ ሰዓት የበቀለው ጥለት ከሁለት ጣት አይበልጥም።

ካርቶኔን ዘርግቼ የምፈልገውን አስረዳሁ። አዩት፤ ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰፊ ጨርቅ ነው የሚፈልገው። የኔ ሸማ ወርዱ እጄ እስከሚደርስበት ነው።»

ያን ቀን ነው የገባኝ። የእጅ ሸማ የሚጠበው ሸማኔው እንደተቀመጠ መወርወሪያውን ካንድ እጁ ወደ ሌላው እስከሚያቀብልበት ድረስ ብቻ ስለሚሰፋ ነው። ወርዱ የሰው ክንድ ነው። አያቶቻችን ይህን አውቀው ኖሯል ጨርቁን የማይቆርጡት፤ ወርድ ከወርድ ገጥመው፣ ደርበው፣ ጋቢ ሲሆን አራት እጥፍ አድርገው የሚለብሱት።

ዋጋ ጠየቅኩ። መቶ ሰማንያ ብር አሉኝ፤ ጥለቱ ሲጨመር። ደብተሬን አወጣሁ። ክሩ በዚህ ዋጋ ይገዛል፣ ገበያው ላይ የተዘጋጀው በዚህ ይሸጣል፣ እኔ ተማሪ ነኝ፣ ሥራዬ ከታየ ሌላም አመጣልዎታለሁ። የተማርኩትን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። በመቶ አሥር ተስማማን። ከግቢው ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። የሄድኩት ለመማር መሆኑን ረስቼ ፈተና ያለፍኩ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሸማውን ወሰድኩ። ስስ፣ ጥለቱ ሐምራዊና ወርቃማ። ኮሌጅ አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ በጠመኔ ነድፌ፣ ብብቱን ቆረጥኩት። መቀሱ እንዳለፈ ድሩ መመዘዝ ጀመረ። የተማርነው ለስፌት አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር መተው ነበር፤ እሱ ለፖፕሊን ይበቃል፤ በእጅ የተሠራ ልል ሸማ ላይ ግን አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር እስክንሰፋው ድረስ እንኳን አይቆይም። መምህሯ መጣች፤ አየችው፤ እሷም የምትለው አልነበራትም። አንደኛው ወርድ ተበላሸ።

እያለቀስኩ ተመለስኩ። ጋሼ የተመዘዘውን ይዘው ወደ ብርሃን ወሰዱት።

«ሳትቆርጪ በፊት ምን አደረግሽ?»

«ነደፍኩት።»

«በመኪና አልመታሽውም? መጀመሪያ በነደፍሽው ላይ ስፊበት፣ ከዚያ ከስፌቱ ውጭ ቁረጪ። ደግሞ ሳይታጠብ አይቆረጥም። ድሩ የፋብሪካ ነው፣ ማጉ የሴት እጅ የፈተለው ነው፣ ጥለቱ ሌላ ነው። ውኃ ሲነካቸው እኩል አይሰበሰቡም።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ ዛሬም በየቀኑ የምጠቀምበት ይህ ነው። ተጨማሪውን ወርድ ሠሩልኝ። ስንት ልክፈል ስላቸው «የልጅ ነገር፣ ተይው» አሉኝ። ተውኩት። በዚያ ደብተር ላይ ለዚህ ወርድ የተጻፈ ምንም የለም። ዜሮ እንኳ አልጻፍኩም።

ምርቃታችን ላይ ቀሚሱ ተጨበጨበለት። የፕሮግራሙ ካርድ ላይ ላሳየችው ልጅ፣ ጸጉር ለሠራው፣ አበባ ላቀረበው ምስጋና ጻፍኩ። ሸማኔው የሉበትም። ልጠራቸውም ትዝ አላለኝም። ዚፕ ለሠራው ፋብሪካ ማን ያመሰግናል? በዚያ ዓምድ ውስጥ ነው ያሉት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልበለው። ጋርመንት ገባሁ፤ መስመር ተቆጣጠርኩ። አንድ ሰው ኮሌታ ብቻ፣ አንዱ እጅጌ ብቻ፣ ቀኑን ሙሉ። ሐምሌ 2008 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የንግድ መምህራችን ያሉት ቀን መጣ ብዬ ከልቤ ደስ አለኝ። አብረውኝ የተማሩም ወደዚያ ወረዱ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ያወጣው ጥናት የሠራተኞቹን መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር አድርጎ አስቀመጠው፤ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ማለት ነው። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2014 ታኅሣሥ ከአጎዋ ወጣን፤ ከዚያ በፊት በኅዳር የፓርኩ ትልቁ ደንበኛ ጓዙን ጠቅልሎ ነበር። እነዚያ የፓርኩ ልጆች ኮሌታ መስፋት ያውቃሉ፤ ሙሉ ሸሚዝ ግን አያውቁም። ይህ ከሁሉ ይበልጥ ያንገበግበኛል።

እኔ አሁን አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ከእኛ በብዙ ይሻላሉ፤ ይህን የምለው ላባብላቸው አይደለም። ፓተርን በኮምፒውተር ይነድፋሉ፤ ሥራቸውን በቲክቶክ አሳይተው በቴሌግራም ይሸጣሉ፤ ከዋሽንግተንና ከዱባይ ለመልስና ለጥምቀት ትእዛዝ ይቀበላሉ። እኛ ሠላሳ ሆነን አንድ ትእዛዝ አላየንም። ጥለቱን ግን የሚያመጡት በሮል ነው፤ በመኪና የተሠራ ወይም በጨርቅ ላይ የታተመ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ወርዱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው፤ አይመዘዝም፤ በነደፉበት ይቆረጣል። መጻሕፍቱ ሲጠብቁት የነበረው ጨርቅ በመጨረሻ መጣ።

ደብተሩን ካገኘሁ በኋላ የወጪ ስሌቱን ሰንጠረዥ ቀየርኩት። ሸማን ከጥሬ ዕቃ አውጥቼ ሁለት ቦታ ከፈልኩት፤ ክሩ እዚያው ቀረ፣ የሸማኔው ቀናት የሰው ጉልበት ሥር ገቡ፣ በሰዓት። ለክፍሉ ሰጠኋቸውና ሠሩት። አንዷ ተማሪዬ፣ ከሁሉ ጎበዟ፣ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ቀሚሱ አይሸጥም።»

እንደገና አብረን ሠራነው። ስሌቷ ትክክል ነው። ለሸማኔው ለአንድ ሰዓት ለሰፊዋ የምንከፍለውን ያህል ብቻ ብንከፍለው እንኳ ቀሚሱ ዛሬ ከሚሸጥበት ብዙ ይርቃል። ክፍሉ ዝም አለ። ያ ሁሉ ዓመት የአገር ልብስ በምንችለው ዋጋ የተሸጠልን በሰዎቹ ሰዓት ነበር። እሷ «እና ምን እናድርግ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ አንድ ሸማኔ ይመጣሉ፣ እሳቸውን እንጠይቃለን አልኳት።

ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ጋሼ አሉ፤ ሸምግለዋል፤ አንድ ዓይናቸውን ጋርዷቸዋል። ክፍሉ ሱቅ ሆኗል፤ ልጃቸው የሮል ጥለት ይሸጥበታል። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፍኗል። «እዚህ ነበር» ብለው በእግራቸው አሳዩኝ፤ በግራ አንዴ፣ በቀኝ አንዴ ረገጥ ረገጥ አድርገው። ልጃቸው ደንበኛ እያስተናገደ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየም። ቡና ተፈላ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ልጆቹን ጥለት እንዴት እንደሚቆጠር፣ ሸማ ሳይመዘዝ እንዴት እንደሚቆረጥ እንዲያሳዩልኝ፣ ለአንድ ቀን፣ ኮሌጁ እንደሚከፍል።

«ስንት ይሁን ጋሼ?» አልኩ።

አሰቡ። አንድ ዋጋ ጠሩ፤ ለአንድ ቀን ትምህርት የሚገባ ዋጋ ነበር። እሺ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ቆይ፣ ልጄ፤ በዛ አይደል?» አሉና ራሳቸው ቀነሱልኝ።