አሥራ ስድስት

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ለአሮጌዋ ላንድክሩዘሬ ጎማ ፍለጋ ሱማሌ ተራ ወርጄ ነበር። ባለሱቁ ጎማውን እንደ ሙክት እያገላበጠ አሳየኝ። «ጋሼ፣ የዘንድሮ ነው! ይኸው፣ አሥራ ስድስት ይላል።»

እውነትም ይላል። እንዲያውም ሁለት ቦታ ይላል። አንደኛው 265/70 አር 16 ከሚለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ፣ ዓይነቱ ራዲያል፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት ነው። ባለሱቁ ጣቱን ያሳረፈው ግን በሌላኛው ላይ ነው፤ 2316 በሚለው። ሁለቱ የፊት አሃዞች ሳምንቱን፣ ሁለቱ የኋላዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 23ኛው ሳምንት፣ 2016፤ በፈረንጅ። በእኛ ሰኔ 2008 መሆኑ ነው። «የዘንድሮው» ጎማ ሰባት ዓመት ተኩል ሞልቶታል፤ ልጅ ቢሆን ትምህርት ቤት ገብቷል። ጎማ ደግሞ ተኝቶም ያረጃል። ሰውየው ዋሽቶኝ ይሁን ዘመን ተምታቶበት ዛሬም አልቆረጠልኝም። አመስግኜው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ጎማ ባየሁ ቁጥር የትውልድ ዘመኑን መጠየቅ ለመደብኝ። ቃሉን ራሱን ካነሳን ጎማ ጣሊያንኛ ነው። ጎሚስታውም፣ ቸርኬውም፣ ከመነዳሪውም፣ ክሪኩም ከዚያው ቤት የመጡ ናቸው። ከእኛ የተዋጣው «ፈነዳ» እና «ተነፈሰ» ነው።

ዕቃው ግን የጣሊያን አይደለም። በ1888 እ.ኤ.አ. ቤልፋስት ውስጥ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ስኮትላንዳዊ የከብት ሐኪም ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት አየር የተሞላ ጎማ ሠራለትና ፈጠራውን አስመዘገበ። ኋላ ላይ ሲጣራ ሮበርት ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ በ1845 ቀድሞት አስመዝግቦ ተገኘና የደንሎፕ መብት ተሰረዘ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ጎማ ላይ አለ። ጥርሱስ? ፋየርስቶን በ1908 «አያንሸራትትም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከስሙ ጋር አድርጎ የጎማው ፊት ላይ አወጣ፤ መሬት የሚይዙት ፊደሎቹ ነበሩ። ጭቃ ላይ ማስታወቂያ እያተመ የሚሄድ መኪና ይታያችሁ።

አሁን ሁሉም ኤ ቲ የሚለው ጎማ ልጅ እግር ነው። በራዲያል ቀድሞ ያወጣው ቢ ኤፍ ጉድሪች ነው፤ በ1976። ሐሳቡ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም አንድ ጎማ ይበቃል የሚል ነው። ስሙ ለማንኛውም መሬት ይላል፤ ምንጃርን አያውቅም። ክረምት ላይ የምንጃር ዋልካ የኤ ቲውን ጥርስ በአሥር ሜትር ውስጥ ሞልቶ ጎማዬን ድፎ ዳቦ አስመስሎታል። ባለ ሰፊ ጥርሱ የጭቃ ጎማ፣ ኤም ቲ፣ ጭቃውን እየተፋ አለፈኝ። አስፋልት ላይ ስንገናኝ ግን እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ነበር፤ እኔ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር በሹክሹክታ አወራለሁ።

ኤ ቲን ከኤ ቲ ለማወዳደር እኔ ጥርሱን አላይም፤ ጎኑን ነው የማየው። ፊቱን የወጋውን ሚስማር ማንኛውም ጎሚስታ ነቅሎ ይለጥፈዋል። አፋር ውስጥ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጎኑን የሰነጠቀው ጎማ ግን አበቃለት።

አዲሱን ከሌላ ሱቅ ገጥሜ አራቱን አሮጌዎች ይዤ መርካቶ በረባሶ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ጠርዙን በቢላው ጫፍ ጫር አደረገና ወዲያው ገፋልኝ። «ይሄ ሽቦ አለው፤ ቢላዬን ይበላዋል።» ሚሼሊን በ1946 ያስመዘገበው፣ ዓለም ሁሉ የተቀበለው ባለ ሽቦው ራዲያል እዚህ በር ላይ ወደቀ። «የድሮ የጭነት መኪና ካለህ አምጣ፣ ክር ያለውን» አለኝና ወደ እግሬ አየ። «አርባ ሁለት ነህ?»

ነኝ። አንድ ጥንድ ገዛሁ። ጎማው የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩትም።