የቅዳሜ ማታው አፕዴት

የቤተ ክርስቲያንን ኮምፒዩተር ቅዳሜ ማታ አፕዴት አታድርጉ ብዬ ብጀምር ትስቁብኝ ይሆናል። እኔ ግን ይህን የተማርኩት በሀፍረት ነው።

በሚዲያ አገልግሎት የመዝሙር ግጥሞችንና የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን በፕሮጀክተር የማሳየው እኔ ነበርኩ። ላፕቶፑ የሚሠራው በዴቢያን ነው። ዴቢያን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲሆን፣ ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ ያልተረጋጋ፣ በሙከራ ላይ ያለና የተረጋጋ። አዲስ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚገባው ወደ ያልተረጋጋው ነው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከባድ ችግር ካልታየበት ወደ ሙከራው ያልፋል። በመጨረሻም አዲስ ነገር መቀበል ይቆምና ስሕተቱ ይለቀማል፤ በሁለት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜም የተረጋጋው ይወጣል። ዕትሞቹ ስማቸውን የሚያገኙት ቶይ ስቶሪ ከተባለው ፊልም ነው። የተረጋጋው በወጣ ቁጥር ስሙ ይለወጣል፤ ያልተረጋጋው ግን ሁልጊዜ ሲድ ነው። ሲድ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት የሚሰባብረው የጎረቤት ልጅ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስጠንቀቂያ አለ?

እኔ ግን በራሴ ላፕቶፕ ሲድን ስጠቀም ቆይቼ ወድጄዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ላፕቶፕ የቆዩ ፕሮግራሞችን ይዞ መቀመጡ አናደደኝ። አንድ ቅዳሜ ማታ ማንንም ሳላማክር ወደ ሲድ ቀየርኩት።

እሑድ ጠዋት ላፕቶፑ ተነሣ፤ ፕሮጀክተሩን ግን አላየውም አለ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ አጥፍቼ አበራሁ፤ ላብ አጠመቀኝ። መዘምራኑ ግጥሙን በቃላቸው ስለሚያውቁት ዘመሩ። ፊት ወንበር ላይ ግን ጆሯቸው የደከመ አንድ እናት አሉ። መዝሙሩንም ጥቅሱንም የሚከታተሉት ግድግዳው ላይ እያነበቡ ነው። ያን ቀን ባዶውን ግድግዳ እያዩ ዋሉ። ሲወጡ እጄን ይዘው፣ “ልጄ፣ ዛሬ መብራት ጠፋ እንዴ?” አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ዴቢያን ከአዲሱ ወደ ቀድሞው ዕትም መውረድን ስለማይደግፍ፣ በዚያው ሳምንት የተረጋጋውን እንደ አዲስ ጫንኩ። እየጫንኩም አሰብኩ። ጥፋቱ የሲድ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ሲድ የራሱ ቦታ አለው። እዚያ ስሕተት አግኝተው የሚያሳውቁ ሰዎች ባይኖሩ የተረጋጋው ዕትም ባልወጣም ነበር። የተረጋጋውም ቢሆን የተረሳ አይደለም፤ የደኅንነት ጥገና ይደረግለታል። ትናንት እንደሠራ ነገም ይሠራል ብሎ ሌላው ሰው እንዲደገፍበት የተዘጋጀ ነው።

እኛ ወጣቶች የታላላቆቻችንን ረጋ ማለት ቶሎ ፍርሃት እንለዋለን። እኔም ብዬዋለሁ። አሁን ግን አዲስ ነገር ወደ አገልግሎት ሳመጣ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ቢሰበር የሚጎዳው ማን ነው? እኔ ብቻ ከሆንኩ በድፍረት እሞክራለሁ። ሌላ ሰው ከሆነ ግን አስቀድሜ አማክራለሁ፣ እፈትናለሁ፣ እጠብቃለሁ። ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክቱ ማብቂያ ላይ መፈተንንና መያዝን ጎን ለጎን ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። የማይፈትን ሰው ምን እንደሚይዝ አያውቅም፤ የማይዝ ሰውም ለሌላው መደገፊያ አይሆንም።

ስለዚህ ፈትኑ፤ በራሳችሁ ላፕቶፕ፣ በልምምድ ሰዓት፣ ቢሳሳት በሚታረምበት ቦታ ፈትኑ። ስሕተት ስታገኙም ለሚያስተካክሉት ንገሩ። የእኔ ላፕቶፕ ዛሬም በሲድ ነው የሚሠራው። የቤተ ክርስቲያኑን ግን ሰኞ አፕዴት አደርገውና በሳምንቱ ልምምድ ላይ ከፕሮጀክተሩ ጋር እሞክረዋለሁ።

እኚያ እናት አሁንም ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ስለ ዴቢያንም ስለ ሲድም የሚያውቁት ነገር የለም። ግድግዳው ላይ እያነበቡ ይዘምራሉ።