በረሃውን የሚያሻግረው ሰው ነው

ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ ለመውረድ የሚያስቡ ወዳጆቼ አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ መኪና ነው። የትኛው ላንድክሩዘር ይሻላል? ስንት ስኮርታ ጎማ እንያዝ? ስንት ጀሪካን ነዳጅ ይበቃል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያለ ጠንካራ መኪና ያ አገር አይደፈርም። መቐለ ተቀምጬ ያንን መንገድ የሚያውቁትን ሾፌሮች ሳዳምጥና አብሬያቸው ስወርድ የገባኝ ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት «ከማን ጋር ነው የምንሄደው?» የሚለው መሆኑን ነው።

መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አጉላዕ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ተራራውን እየተጠማዘዘ ወደ በራህሌ፣ ከዚያም ወደ ሐመድ ኤላ ይወርዳል። ሐመድ ኤላ ስትደርሱ ከባሕር ወለል በታች ወደ 100 ሜትር ገደማ ናችሁ። ጠዋት ጋቢ ያስደረበው ብርድ ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ በሚያሳጥር ሙቀት ይተካል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው ልኬት የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ይህ እንግዲህ ሌሊቱም፣ ቀዝቃዛዎቹ ወራትም ተደምረውበት ነው።

ያ ምድር በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ባሕሩ ተቆርጦ ቀረ፣ ውኃው ተነነ፣ ጨው ሆነ፤ በዳርቻው ዛሬም የኮራል ድንጋይ ይገኛል። ስለዚህ ሾፌሩ የሚነዳው በደረቀ ባሕር ላይ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ጠንካራ ሜዳ ነው፤ ከሥሩ ግን ጭቃ ሊኖር ይችላል። ክረምት ላይ በደጋው የዘነበው ዝናብ በሸለቆዎቹ ወርዶ እዚያው ሜዳ ላይ ይተኛል። ጠንካራ የሚመስል ቦታ መኪና ይውጣል። ለዚህ ነው አዋቂ ሾፌር ሜዳው ምንም ቢሰፋለት ከቆየው የጎማ ዱካ የማይወጣው፤ ለዚህም ነው አንድ መኪና ብቻውን የማይወርደው።

አሸዋ ላይ ሲደርሱ ጎማ ያስተነፍሳሉ። አየሩ ሲቀንስ ጎማው ይሰፋል፣ ክብደቱም ስለሚበተን አይሰምጥም። አንድ አንጋፋ ሾፌር ረዳቱን «ስማ ልጄ፣ አሸዋ ጉልበት አይወድም፤ ነዳጅ በረገጥክ ቁጥር ራስህን ትቀብራለህ» ሲለው ሰምቻለሁ። ወደ ኤርታሌ ግርጌ ሲጠጉ ደግሞ የረጋው ላቫ ይጀምራል፤ የላላውም ጎማ እንደገና መሞላት አለበት። ያ ጥቁር ድንጋይ ስለታም ስለሆነ የላላ ጎማ ጎኑ ይቀደዳል። እዚያ ላይ በከባድ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ ድንጋይ በድንጋይ እየመረጡ ነው የሚኬደው። ይህን እውቀት ከመጽሐፍ ያገኘ ሾፌር አላየሁም። ሁሉም ረዳት ሆኖ ጎማ እየፈታ፣ ራዲያተር እየሞላ፣ ከታላቁ እጅ የተማረው ነው።

ሾፌሩም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ከጎኑ የሚቀመጠው የአፋር መንገድ መሪ ነው። መንገድ ላይ ግመል ነጂዎች ሲያገኙ መኪናው ይቆማል። የቸኮለ እንግዳ ሰዓቱን ያያል፤ መንገድ መሪውና ግመል ነጂዎቹ ግን ተቀምጠው ዳጉ የሚሉትን ወሬ ይለዋወጣሉ። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናቡ የት ወረደ? ግጦሹ እንዴት ነው? ማን ታመመ? በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ መናገር የተናጋሪው ግዴታ ነው፤ ወሬ ያጣመመ ይወቀሳል። መንገድ መሪው ተመልሶ ሲመጣ ለሾፌሩ «በዚያ በኩል ውኃ ገብቷል፤ በግራ እንዙር» ይለዋል። ስልክ በማይሠራበት ምድር የብዙ ሰው ሕይወት የተረፈው በዳጉ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ስም ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 የማዕድን መሐንዲሱ ኔስቢት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከአዋሽ ተነስቶ ይህንኑ የደናክል በረሃ ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋረጠ፤ ስለ ጉዞውም መጽሐፍ ጻፈ። ስሙ በዓለም የአሳሾች ታሪክ ውስጥ ቀረ። ውኃ ያለበትን ያሳዩት፣ ግመል የጫኑትና የነዱት ሰዎች ስም ግን ስንቶቻችን ጋ ደርሷል? አገሩኮ ከኔስቢት በፊትም ለዘመናት ሲታለፍበት ኖሯል። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በኢትዮጵያ ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው በዚሁ መንገድ ነው የወጣው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መናገሻቸው ያደረጓት መቐለም ከጨው ንግዱ ጋር ያደገች ከተማ ናት። ጨው ቆራጩ፣ ነጋዴው፣ ግመል ነጂው፤ አፋሩና ትግራዋዩ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ፀሐይ ሥር አብረው እንጀራቸውን የጋገሩበት መንገድ ነው።

አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ጨው በጭነት መኪና መጓዝ ጀምሯል፤ የግመሉ ሰልፍ ሳስቷል። በዚህ አላዝንም ብል ዋሸሁ። ነገር ግን ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት የምትደርስበትን መንገድ ለፎቶ ውበት ሲባል የሚጠላ ሰው አልሆንም።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳት ነው። ጥር 8 ቀን 2004 በኤርታሌ 5 የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ የጉዞው ጥበቃ ተጠናከረ። ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የመቐለ አስጎብኚ ሾፌሮች ሥራ ቆመ። በ2014 ውጊያው በአፋር ክልል ወዳሉት አብዓላና በራህሌ ደረሰ፤ ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ። ከሰመራ በአብዓላ ወደ መቐለ የሚመጣው መንገድ በዚያን ጊዜ የእርዳታ እህል የሚገባበት ብቸኛ የየብስ መስመር ነበር። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ተዘግቶ ሲቆይ ከተማችን በረሃብ ዓይኗን እዚያው መንገድ ላይ ተክላ ነበር። ጎብኚ «ጀብዱ» የሚለው መንገድ ለኛ የመኖር ጉዳይ መሆኑን ያኔ ነው ሁላችንም የተማርነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ። መኪና ይጠገናል፣ አስፋልት ይለጠፋል። በትግራዋዩ ሾፌርና በአፋሩ መንገድ መሪ መካከል የነበረው መተማመን ግን በጨረታ አይሠራም። የሚታደሰው አብሮ በመውረድ፣ አብሮ በመብላት፣ ከሁለቱም ወገን ለሞተው በአንድነት በማልቀስ ነው።

ስለዚህ ለመሄድ ለምታስቡ ሁሉ እንዲህ እላለሁ። መጀመሪያ የመንገዱን ደህንነት ከሚያውቅ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ አትሂዱ። ሲፈቀድ ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውረዱ። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ሾፌር ያዙ። የአፋሩን መንገድ መሪ ዋጋ አትከራከሩት። ውኃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሰፈሩ ውኃ አትሻሙ። ያ ምድር ቤት መሆኑንም አትርሱ። ኅዳር 14 ቀን 2018 የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሲሄድ ዓለም ፎቶውን ተቀባበለ፤ የአፍዴራ አርብቶ አደር ግን አመድ በለበሰ ግጦሽ ላይ ለከብቱ ሣር ይፈልግ ነበር። መንገድ መሪያችሁ ዳጉ ሊለዋወጥ ሲወርድ እናንተም ውረዱና ተቀመጡ። ለዚያ የሚሆን ጊዜ ያልያዘ ሰው፣ መኪናው ምንም ጠንካራ ቢሆን፣ ለዚህ ጉዞ ገና አልተዘጋጀም።